«የያዘው አየሩ ነው»

ፈረቃው ወጥቶ ማሽኖቹ ሁሉ ከቆሙ በኋላ ኮምፕረሰሩ፣ አየር ጨምቆ ለማሽኖቹ የሚልከው መሣሪያ፣ ብቻውን በየጥቂት ደቂቃው እየተነሳ ሲጭን የሰማ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። አየር የሚጠቀም የለም፣ አየሩ ግን እየሄደ ነው። ከጥገና ክፍል ልጆች አንዱ ሐሳቡ የመጣለት ከዚህ ተነስቶ ነው፦ ማሽን ሲቆም የአየር መስመሩን በራሱ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ) እንግጠም። አየር ያልደረሰው ሆዝ አያፈስም።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ግን በሁሉም መስመሮች ላይ ቫልቭ፣ በየማሽኑ ሴንሰር፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ስክሪን ይዞ መጣ። አናቱ ላይ «25 በመቶ የኤሌክትሪክ ቁጠባ» የሚል ተጽፏል። ልጁ ቁጥሩን የጻፈው ወዶ አልነበረም፤ የፕሮፖዛል ቅጹ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት እንደሚቆጥብ ነው። ምን ሊበላሽ እንደሚችል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሰው ሳይለካ ቃል እንዲገባ የሚያስገድድ ቅጽ ጥሩ ሐሳብን ገና ከጅምሩ ያበላሻል፣ ይህን ደጋግመን ብንናገርም ሰሚ አላገኘንም።

ስብሰባው ላይ የመጀመሪያው መስመር ኦፕሬተር የሆኑት ጋሼ ተጠርተው ነበር። ሁሉም ስለ ቁጠባው ሲያወራ ቆይቶ ተራው ሲደርሳቸው፣

«አየሩ ሲዘጋ መቆንጠጫው ምን ይሆናል?» አሉ።

«ማሽኑ እኮ ቆሟል ጋሼ፣ ሥራ የለም።»

«መቆሙንስ ቆሟል። ዕቃው ግን እላዩ ላይ ነው። የያዘው አየሩ ነው። አየሩን ስትወስድበት ማን ይይዘዋል፣ ልጄ?»

ልጁ ዝም አለ። ከኮሚቴው አንዱ «ይህ ዝርዝር ነው፣ በኋላ ይታያል» ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። ጋሼ ድምፃቸውን ሳያነሱ «በኋላማ ሰው እግር ላይ ሲወድቅ ነው የሚታየው» አሉት። ጥያቄያቸው ዝርዝር አልነበረም። ፕሮፖዛሉ መሠራት የጀመረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

በነጋታው ልጁ ወረቀቱን ትቶ ማሽን በማሽን እየዞረ አየር የሚበላውን ሁሉ መዘገበ። አየር ነፍቶ ቆሻሻ የሚያራግፍ ኖዝልና ተራ ሲሊንደር (በአየር ግፊት የሚገፋ ክንድ) ቢዘጋባቸው ጉዳት የለውም። መቆንጠጫና ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር ግን አየራቸውን ከአዲሱ ቫልቭ በፊት ከሚነሳ ቅርንጫፍ መውሰድ አለባቸው። ያም ሆኖ ዋናው መስመር ራሱ ግፊት ሊያጣ ስለሚችል፣ ሲሊንደሩ የአየር በር ላይ በፓይለት የሚከፈት ቼክ ቫልቭ ይታሰርለታል፤ የገባውን አየር ይይዛል፣ የሚለቀው በሌላ መስመር የአየር ምልክት ሲደርሰው ብቻ ነው። ቼክ ቫልቭም ቢሆን የሲሊንደሩ ሲል (አየር እንዳያሾልክ የሚዘጋው ጎማ) ካረጀ ለዘላለም አይዝም፤ ስለዚህ ከባድ ዕቃ የሚያንጠለጥለው ማሽን የብረት መቆለፊያ ይፈልጋል።

ቀጥሎ አየሩ የሚመለስበት ጊዜ መጣ። ባዶ የቆየ ሲሊንደር ሙሉ ግፊት በአንዴ ሲደርሰው ይወረወራል። መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚሞላ ቫልቭ ነው፦ ግፊቱ ግማሽ ገደማ እስኪደርስ በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፋል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። መዝጊያ ትእዛዙን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ የመዘግየት ሪሌይም ተጨመረ፣ ኦፕሬተሩ ዕቃ ለማስተካከል ባቆመ ቁጥር መስመሩ እንዳይዘጋበት።

ልኬቱ አንድም ዕቃ ሳይገዛ ተሠራ። ማሽኖቹ በሙሉ ቆመው ኮምፕረሰሩ አየር እየጨመቀ የሚጭንበትና ሳይጨምቅ ባዶ የሚሽከረከርበት ጊዜ በሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ 2 ደቂቃ ጭኖ 6 ደቂቃ ባዶ ቢሄድ፣ 2 ለ8 ሲካፈል ፍሳሹ የኮምፕረሰሩን አቅም 25 በመቶ ይወስዳል ማለት ነው። ከዚያ የየመስመሩ ቦል ቫልቭ አንድ በአንድ በእጅ እየተዘጋ ልኬቱ ይደገማል። መስመር ሲዘጋ የሚቀንሰው ፍሳሽ አዲሱ ቫልቭ ሊያድነው የሚችለው ነው። ሁሉም ተዘግቶ የሚቀረው ዋናው ቧንቧ ላይ ስላለ ቫልቩ አይነካውም። እሱን የሚያገኘው የሳሙና ውኃ ነው፤ መገጣጠሚያው፣ ፊልተሩ፣ የውኃ ማስወገጃው ላይ አረፋ ይነሳል። ጥገናው ቴፍሎንና ጋስኬት እንጂ ፕሮፖዛል አይፈልግም።

25 በመቶ የአየር ፍሳሽ 25 በመቶ ኤሌክትሪክ እንዳልሆነም የታየው እዚህ ላይ ነው። ባዶ የሚሽከረከር ስክሩ ኮምፕረሰር (ብሎን መሳይ ዘንጎች ያሉት) ሳይጭንም ከሙሉ ኃይሉ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ባዶ ሲቆይ ሞተሩ በራሱ እንዲጠፋ ካልተስተካከለ ከተቆጠበው አየር ከፊሉ ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ይህን የሚነግር መስመር በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ረቂቅ ሁለት ገጽ ሆነ። አንድ መስመር፣ አንድ ቫልቭ፣ ከበፊትና ከኋላው የግፊት ጌጅ፣ የአንድ ወር ሙከራ። ሥራውን የሚያቆመው ሁኔታም አስቀድሞ ተጻፈ፦ በእጅ ሲዘጋ የሚገኘው ልዩነት ከተወሰነው በታች ከሆነ ግዢ የለም፤ አንድ መቆንጠጫ እንኳ ከላላ ቫልቩ በዚያው ቀን ይነቀላል።

ጸደቀ። በወረቀቱ ላይ «ዝርዝር ነው» ያለው ሰው ፊርማ አለ፣ የጋሼ ስም የለም። ቅጹ ዳግመኛ ሲታተም ጥያቄውን ያነሳው ሰው የሚጻፍበት መስመር እንዲጨመር ጠይቀናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው።