የተመለሰው አሳይመንት

በርቀት ትምህርት ሁለት ጊዜ ተመዝግቤአለሁ። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ሰሚስተር አቋረጥኩት፤ ሁለተኛውን ጨረስኩት። በሁለቱም ጊዜ የሙሉ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ፣ በሁለቱም ጊዜ የማስተዳድረው ቤተሰብ ነበረኝ፣ የተመዘገብኩበትም የትምህርት ዓይነት አንድ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን ያቋረጥኩት ሰነፍ ስለነበርኩ፣ ሁለተኛውን የጨረስኩት ደግሞ ስለጠነከርኩ ነው የሚለው ማብራሪያ፣ ለትሕትናም ለኩራትም የሚመች ቢሆንም፣ እኔን ራሴን አላሳመነኝም። ደጋግሜ ሳሰላስለው የደረስኩበት ምክንያት አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ጊዜ የጻፍኩትን ያነበበው ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያውን አሳይመንት ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ያህል ሌሊቱን አጋመስኩ። አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ ላክሁ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ተመልሶ ሲመጣ የሽፋኑ ገጽ ላይ ከ20 ውስጥ 14 የሚል ቁጥር ሰፍሮበታል። ስድስቱ ማርክ የት እንደቀረ ለማወቅ እያንዳንዱን ገጽ ገለጥኩ፤ አንድም የብዕር ጭረት አላገኘሁም፤ ወረቀቶቹ እንደላክኋቸው ንጹሕ ነበሩ። ሁለተኛውን አሳይመንት በሁለት ምሽት፣ ግማሹን ከሞጁሉ ላይ እየገለበጥኩ ሠራሁትና 15 አገኘሁ። ለእኔ ትምህርቱ ያለቀው እዚያ ላይ ነው፤ በመዝገብ ያቋረጥኩት ግን ከአራት ወር በኋላ ነበር።

ይህን የምጽፈው ተቋሙን ለመክሰስ አይደለም። ምናልባት አራሚው በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ወረቀት የተጫነበት፣ እሱም ራሱ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛ የሆነ ሰው ለመማር ሲያስብ በመጀመሪያ የሚመለከተው የዲግሪውን ስም፣ ክፍያውንና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ነው፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የላክሁትን ማን እንደሚያነበው ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር።

የርቀት ትምህርት ታሪክ ራሱ የሚያስተምረው ይህንኑ ሆኖ አገኘሁት። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1840 ፈጣን አጻጻፍን (ንግግርን በአጫጭር ምልክቶች የመጻፍ ዘዴ፣ ሾርትሃንድ) በፖስታ ማስተማሩ ነው። በዚያው ዓመት በብሪታንያ ማንኛውም ቀላል ደብዳቤ በአንድ ሳንቲም፣ ማለትም በአንድ ፔኒ፣ ከየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ወደ ሌላው የሚደርስበት አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። ሰዎች ሲተርኩት ትኩረታቸው ትምህርቱ በፖስታ መላኩ ላይ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ተማሪዎቹ የተሰጣቸውን ጽሑፍ በፈጣን አጻጻፍ ገልብጠው መልሰው ይልኩለት የነበረ መሆኑ፣ እሱም አርሞ ይመልስላቸው የነበረ መሆኑ ነው። መጽሐፍ ከከተማ ወደ ከተማ መላክ ከፒትማን በፊትም ነበር፤ አዲሱ ነገር የመልሱ ጉዞ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ፈተናውን በየትኛውም ኮሌጅ ላልተማሩ ሰዎች ከፈተ። ዩኒቨርሲቲው መፈተኑን እንጂ ማስተማሩን ኃላፊነቱ አላደረገም፤ ተማሪው እንደምንም ተምሮ መጥቶ ይፈተናል፣ ካለፈ ዲግሪውን ይወስዳል። ይህ አሠራር በሥራ ላይ ላለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ርቆ ለሚኖር ሰው ትልቅ በር እንደነበር አልክድም። ሆኖም ዛሬ በርቀት ትምህርት ስም ከሚቀርቡት ፕሮግራሞች መካከል አንዳንዶቹ የፒትማን ልጆች፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የዚያ የፈተና አዳራሽ ልጆች መሆናቸውን ማስታወቂያው አይነግረንም። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ የገባሁት ሁለተኛው ቤት ነበር፤ የጠበቅሁት ግን የመጀመሪያውን ነው።

የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ያየ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ሲመሠረት ሥራው መፈተን ነበር፤ በፖስታ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ገና እስረኛ ሳሉ ነበር፤ ሕግ ለመማር መጀመሪያ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተመዘገቡት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። አንድ ዲግሪ ለመጨረስ 46 ዓመት! በስድስት ዓመት መጨረሴ የሚያሳፍረኝ ሲመስለኝ ይህችን ስሌት አስባታለሁ።

በእንግሊዝ ያለው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መጀመሪያ ሲታሰብ የአየር ሞገድ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር፤ ሐሳቡን በኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሃሮልድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያቀርቡት ዋናው መሣሪያ ይሆናሉ የተባሉት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበሩ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ተቀበለ። በሌሊትና በማለዳ በቴሌቪዥን የሚተላለፉት ትምህርቶች ታዋቂ ሆኑ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲቋረጡ ዩኒቨርሲቲው አልተዘጋም። እንዲቀጥል ያደረጉት ስርጭቱ ሲጠፋ አብረው ያልጠፉት ነገሮች ናቸው፦ በደንብ የተዘጋጀ ጽሑፍ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተመደበ ቱተር፣ አስተያየት ተጽፎበት የሚመለስ አሳይመንት።

የዘርፉ ተመራማሪ ማይክል ሙር ይህን ጉዳይ ከኪሎ ሜትር ለይቶ አስቀምጦታል። በእርሱ አመለካከት በትምህርት ውስጥ ያለው ርቀት በመምህሩና በተማሪው መካከል ባለው የመግባባት ክፍተት የሚለካ ሲሆን፣ መጠኑንም የሚወስኑት በሁለቱ መካከል ያለው ንግግር፣ የትምህርቱ አደረጃጀት ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ፣ እንዲሁም ተማሪው ራሱን ችሎ ለመማር ያለው ዐቅም ናቸው። ይህ ከሆነ አምስት መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለ የቀን ተማሪ፣ ጽሑፉ በየሁለት ሳምንቱ ታርሞ ከሚመለስለት የርቀት ተማሪ ይልቅ ከመምህሩ ሊርቅ ይችላል። እኔ ሁለቱንም ስለቀመስኩ ይህን ያለ ማመንታት እመሰክራለሁ።

በነፃ ወይም በርካሽ የሚሰጡት ግዙፍ የኦንላይን ኮርሶች ሲመጡም የታየው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት መምህራን በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ ለሁሉም ክፍት ባደረጉ ጊዜ ከ160,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ነበር፤ የጨረሱት ግን ከ25,000 አይበልጡም። ትምህርቱ መጥፎ ስለነበር አይመስለኝም። ብዙዎቹ ለማየት ብቻ የገቡ ይሆናሉ፤ የቀሩት ደግሞ ባይመለሱ ወዴት ሄድክ የሚላቸው አልነበረም። እኔም ከእነዚህ ዓይነት ኮርሶች ብዙ ተምሬአለሁ፤ የጨረስኳቸውን ለመቁጠር ግን የአንድ እጅ ጣት ይበቃኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም ያቋረጠ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሰዓትን ነው፣ እኔም ለአለቃዬ የሰጠሁት ሰበብ ይኸው ነበር። በትርፍ ጊዜዎ ይማሩ የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የሙሉ ዓመት ትምህርት ደግሞ 60 ክሬዲት ነው። በግማሽ ፍጥነት የሚማር ሰው በዓመት 30 ክሬዲት ቢወስድ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ይህ በ40 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ19 ገደማ እስከ 22 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ሌላ የግማሽ ቀን ሥራ እንደመቀጠር ነው።

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን ሰባት ሰዓት ለሚተኛ፣ ለሥራና ለመንገድ 50 ሰዓት ለሚያጠፋ ሰው 69 ሰዓት ይተርፈዋል፤ ስለዚህ 20 ሰዓት ማግኘት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ችግሩ ያ 69 ሰዓት በአንድ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሙሉ እንጀራ ሳይሆን ፍርፋሪ መሆኑ ነው፦ እዚህ ሃያ ደቂቃ፣ እዚያ ዐሥር፣ ልጅ ሲተኛ አርባ። በመጀመሪያው ጊዜ ፍርፋሪውን አጠራቅሜ ቅዳሜ ላይ ሙሉ ቀን ለመማር እሞክር ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ሁልጊዜ ባለቤት አለው። በሁለተኛው ጊዜ ሥራውን እንደ ሰዓቱ ዓይነት ከፋፈልኩት። ለመጻፍ የሚሆነኝ ከሥራ በፊት ያለው የማለዳ አንድ ሰዓት ብቻ እንደሆነ ደረስኩበት፤ ምሽት ላይ የምጽፈው ነገር ጠዋት ሲነበብ ያሳፍረኝ ነበርና። በመንገድ ላይና በምሳ ሰዓት ደግሞ ራሴን እጠይቃለሁ እንጂ አዲስ ገጽ አልከፍትም።

ይህ ራስን መጠየቅ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የደከመ ሰው ሲያጠና የሚቀናው ያነበበውን ደግሞ ማንበብና ማስመር ነው፤ ሞጁሌ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም የተጥለቀለቀበት ጊዜ ነበር። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያጠኑ ተማሪዎችን አንድ ጊዜ አጥንተው ከዚያ ሦስት ጊዜ ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ከጻፉት ጋር አወዳደሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ የያዙት 40 በመቶ ሲሆን ከትውስታ የጻፉት 61 በመቶ ይዘው ተገኙ። ለርቀት ተማሪ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ባነበበበትና በሚፈተንበት ቀን መካከል ወራት አሉ፣ በመካከሉም መምህር ቆሞ አይጠይቀውም። እኔ ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ትቼ በየምዕራፉ መጨረሻ መጽሐፉን ዘግቼ አንድ ገጽ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ሦስት መስመር ነበር፤ ሲያስደነግጥ!

ስለ ቤተሰብና ስለ አለቃ ብዙ የምለው የለኝም። የፈተና ቀናትን ከመመዝገቤ በፊት አስፈቀድኩ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የትኞቹን ሥራዎች እንደማልሠራ በግልጽ ተነጋገርን።

በሁለተኛው ተቋም የላክሁት የመጀመሪያ አሳይመንት በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ማርኩ ከቀድሞው ያነሰ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ እጅግ የተማመንኩበት አንቀጽ አጠገብ፣ «ይህ መደምደሚያ ከየትኛው መረጃ ተነሣ? ከላይ ያቀረቧቸው ሁለቱ ምሳሌዎች ተቃራኒውን የሚያሳዩ ይመስለኛል» ተብሎ ተጽፏል። ቱተሩን በአካል አይቼው አላውቅም፤ እስከ መጨረሻውም አላየሁትም። ያን ዕለት ግን በሥራ ቦታዬ ለዓመታት ሪፖርት ስጽፍ ያንኑ ስሕተት ስሠራ እንደኖርኩ፣ ማንም እንዳልነገረኝም ገባኝ። በሥራ ላይ ያለ ተማሪ ከወጣቱ የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ እርማቱ ሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሥራ ያገኛል።

በመካከሉ ቤት ውስጥ ሕመም ገብቶ አንድ ሰሚስተር ማሳለፍ ግድ ሆነብኝ። ተቋሙ ትምህርትን ለጊዜው የማቆም ግልጽ ደንብ ነበረው፤ ቅጽ ሞልቼ ላክሁ፣ ያጠናቀቅኋቸው ኮርሶች ተይዘውልኝ ተመለስኩ። እንዲህ ያለውን ደንብ ሰው ሲመዘገብ አያነበውም። በአራትና በስድስት ዓመት ውስጥ ሕመም፣ ልደት፣ የሥራ ዝውውር ወይም ሐዘን የማይደርስበት አዋቂ ሰው የለምና፣ ከትምህርት ዝርዝሩ በፊት ሊነበብ የሚገባው ይህ ነው እላለሁ። የዕውቅናውም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ተቋሙ በአጠቃላይ ዕውቅና ያለው መሆኑ አይበቃም፣ ዕውቅናው ያንን የትምህርት ዓይነትና በርቀት መስጠቱን ይጨምር እንደሆነ ከተቋሙ ብሮሹር ሳይሆን ፈቃዱን ከሚሰጠው አካል ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ማስተርስ በርቀት ለመማር አስባ ሦስት ተቋማት መርጣ መጣች። «የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት አጭር ኢሜይል እንድትጽፍ ነገርኳት፦ አሳይመንቴን ማን ያርመዋል፣ በስንት ቀን ይመለስልኛል፣ ያልገባኝን ለማን እጠይቃለሁ? አንደኛው በሁለት ቀን ውስጥ የኮርሱ አስተባባሪ ራሱ መልስ ጻፈላት። ሁለተኛው በሳምንቱ የክፍያ መፈጸሚያ ቅጽ ላከላት። ከሦስተኛው እስከ ዛሬ ምንም አልመጣም።