ልጆቹ ሜትር ይዘው ሱቃችን ሲገቡ

የምሰራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ነው። ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይሄዳል። ከጀርባዬ ያለው ግድግዳ ሲጋራና ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ብቻ ነው። የቬፑ ማሸጊያ ከሩቅ ሲያዩት ከረሜላ ይመስላል። ቡና ሊገዛ የሚገባው አበሻ ሁሉ «የዚህ አገር ልጅ ተበላሸ» ይለኛል። ዕቃውን ማን እንደሚደረድረው ስለማውቅ ብዙም አልመልስም።

ሕጉ እንኳን ግልጽ ነው። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆም ቬፕም እንዳይሸጥ ከልክላለች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የፌዴራሉ ሕግ ተከተለ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምባሆ የሚገዛ ሰው ዕድሜው ከ30 በታች ከሆነ ፎቶ ያለበት አይዲ መጠየቅ ግዴታ ነው። እኔ ለመገመት ስለማልደፍር ጥርጣሬ ውስጥ ያስገባኝን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ አበሻ ይቆጣል፣ «አታውቀኝም እንዴ?» ይላል። አርባውን ያለፈው ደግሞ «ልጅ መሰልኩህ? ተባረክ» ብሎ ይስቃል።

ችግሩ ልጆቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ አይገዙም። መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚገባው ታላቅ ወንድም ነው፣ ወይ የአጎት ልጅ። አይዲው ትክክል፣ ገንዘቡ ትክክል። እኔ ምን እላለሁ?

ወደዚህ ነገር ጎትታ ያስገባችኝ በየማለዳው ሳይሆን በየማታው ቡና የምትገዛ የትምህርት ቤት ነርስ ናት (ለምን ማታ ቡና እንደምትጠጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም)። በሰፈራችን ወጣቶችን ከሱስ ለመከላከል የተቋቋመ ጥምረት አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1997 ባወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ጥምረቶችን በገንዘብ ይደግፋል፣ በዓመት እስከ 125,000 ዶላር ድረስ። ግን ገንዘቡን ለማግኘት ከ12 የኅብረተሰብ ክፍሎች ሰው ማሰባሰብ ግድ ነው። ወላጅ፣ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ፣ የሃይማኖት ተቋም፣ የጤና ባለሙያ፣ ሚዲያ፣ ወዘተ። ወጣትም አለበት። ነጋዴም አለበት። እኔ በነጋዴ ስም ገባሁ፣ በሰው ሱቅ ተቀጥሬ።

መጀመሪያ ላይ ስብሰባው በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነበር። ደሞዝተኛው ይመጣል፣ እኔ ከእንቅልፌ ተነስቼ እመጣለሁ፣ ወጣቶቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ስለ ልጆች የሚያወራ ስብሰባ ያለ ልጆች ይካሄዳል። አልፎ አልፎ ሁለት ተማሪ ይመጣና ፒዛ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ለኔ እንግዳ አልነበረም። እኛስ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምናደርገው ምን ነበር? ሐኪም ይጋበዛል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገራል፣ «ጥያቄ ያለው?» ይባላል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ የትኛው ልጅ ነው እጁን የሚያወጣው?

ነገሩን የቀየረችው አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ቤተሰቦቿ ከኤልሳልቫዶር የመጡ። ስብሰባው ለምን እሷ ሒሳብ በምትማርበት ሰዓት እንደሚሆን ጠየቀች። መልስ የነበረው ሰው የለም። ወደ ማታ ተዛወረ። ወዲያው የልጆቹ ቁጥር ጨመረ፣ የአበሻ ልጆችም መጡ። ከዚያ «ሥራ ስጡን» አሉ። ምክር በቃን ማለታቸው ነው።

የተሰጣቸው ሥራ የሰፈሩን ሱቆች መቃኘት ነበር። ሜትርና ቅጽ ይዘው፣ አንድ አዋቂ አብሯቸው፣ የኛ ሱቅ ገቡ። የትምባሆ ማስታወቂያ ከወለሉ ስንት ከፍታ ላይ ነው? ከረሜላው አጠገብ ምን አለ? አልኮሉ ከለስላሳው ተለይቷል? አንዱ ልጅ ተንበርክኮ ከአምስት ዓመት ሕፃን ዓይን ቁመት ላይ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ላይ ከማስቲካው በላይ የሚታየው የቬፕ ማስታወቂያ ነው። ፍሪጁ ጋ ሲደርሱ አልኮል ያለበት ሌመኔድ ከተራው ሌመኔድ ጎን ቆሟል፣ ቆርቆሮውም ቀለሙም አንድ ዓይነት። ያንን ፍሪጅ የምሞላው እኔ ነኝ። አከፋፋዩ በሰጠን ሥዕል መሠረት ነው የምሞላው፣ ሥዕሉን የሳለው ሰው ደግሞ የሚያደርገውን ያውቃል።

ባለቤቱን ብቻዬን ብነግረው ኖሮ «ሥራህን ሥራ» ይለኝ ነበር። ልጆቹ ፎቶዎቹን ዘርግተው፣ ነርሷ አጠገባቸው፣ አንድ የሱቁ ደንበኛ የሆኑ ፓስተር ከኋላ ቆመው ሲነግሩት ግን አዳመጠ። ያልተደሰተበትም ምክንያት ነበረው። የትምባሆ ኩባንያዎች ዕቃቸው በደንብ እንዲታይ ለሱቅ ይከፍላሉ፣ ዋጋም ይቀንሳሉ። ለትንሽ ሱቅ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ተደራደሩ። ሌመኔዱ ወደ ቢራው በር ሄደ። ዝቅ ብለው የተለጠፉት ማስታወቂያዎች ከፍ አሉ። ከካሽ ማሽኑ አጠገብ ያለው ትልቁ ግን ውል ስላለበት እስካሁን እዚያው ነው። ልጆቹ ውሉ የሚያልቅበትን ወር ጽፈው ይዘዋል።

የሥራ ባልደረቦቼ የማይወዱት ሌላ ነገር አለ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ከተቆጣጣሪዎች ጋር ይመጣና ለመግዛት ይሞክራል፣ የሸጠው ሱቅ ማስጠንቀቂያ ወይም ቅጣት ያገኛል። «ወጥመድ ነው» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። አይዲውን ያየ ሰው ምንም አይሆንም። ማታ ደክሞህ፣ ሰልፉ ረዝሞ፣ ጢም ያለው ልጅ ፊትህ ሲቆም ማለፍ ቀላል መሆኑን ግን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ካሽ ማሽኑ የልደት ቀን ሳይገባለት እንዳይሸጥ እንዲደረግ የጠየቅነው። ይህንን ባለቤቱ ወዲያው ተቀበለ፣ ቅጣት ስለሚያድነው።

ወደኛ ሰፈር ልምጣ። ልጆቹ ከሱቁ ይልቅ ስለ ቤታችን ሲናገሩ አዋቂው ሁሉ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ። የመጀመሪያው ቢራ ከሱቅ አልመጣም። የምረቃ ድግስ ላይ አጎት «በል ቅመስ፣ ወንድ ሆነሃል» ብሎ የሰጠው ነው። አንዱ ልጅ አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫት እየቃመ ስለ ማሪዋና እንደሚመክረው ተናገረ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ነገር እዚህ አገር ከ1993 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ማሪዋና ደግሞ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2021 ወዲህ በተወሰነ መጠን መያዝ ይፈቀዳል። ልጁ ይህንን ያውቃል። አባቱ አያውቅም። ሺሻም ሲነሳ «እሱማ ውሃ ያጣራዋል» ያለ ወላጅ ነበር። አያጣራውም። አንድ ሲጋራ በአማካይ 20 ጊዜ ሲሳብ፣ የአንድ ሰዓት ሺሻ 200 ጊዜ ያህል ይሳባል።

ከሁሉ የበለጠ የማስታውሰው የናርካን ምሽቱን ነው። ናርካን እንደ ፌንታኒል ባለ ዕፅ ተመርዞ የወደቀን ሰው ለማንቃት አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ነው። አሁን ትልቁ ፍርሃት ፌንታኒል፣ ያ እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ዕፅ ነው። ልጆች በስናፕቻት የሕመም ማስታገሻ ወይም የጭንቀት ኪኒን መስሏቸው የሚገዙት ብዙው ፌንታኒል ያለበት ሐሰተኛ ኪኒን ነው። 2 ሚሊግራም ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2023 ከመረመራቸው ሐሰተኛ ኪኒኖች ከ10ሩ 7ቱ ሊገድል የሚችል መጠን ነበራቸው። በ2024 ወደ 5 ወርዶ ነበር፣ ያም ግማሹ ማለት ነው።

ትምህርቱን የሰጡት ልጆቹ ናቸው፣ ነርሷ ዳር ቆማ። እናቶች በነጠላ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ገና የቡና ሽታ አለው። ልጆቹ አንዱን መሬት አስተኝተው አሳዩ። ቀስቅሰው፣ ካልነቃ 911 ደውል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዘንብል፣ ናርካኑን አፍንጫው ውስጥ አስገብተህ እስከ መጨረሻው ተጫን። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቀህ ካልነቃ ሁለተኛውን ስጥ። መተንፈስ ሲጀምር በጎኑ አስተኛው። ፌንታኒል ያልወሰደ ሰው ቢሰጠው አይጎዳውም። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል።

አንዲት እናት ሳጥኑን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይሄንን ቤቴ ካስገባሁ ልጄ ይወስዳል ብዬ አመንኩ ማለት ነው» አለች። የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ አንቺም አንቱም እየቀላቀለ፣ «አይደለም እትዬ። ልጅሽ ላይወስድ ይችላል። ጓደኛው እርስዎ ቤት ቢወድቅስ?» አላት። ዝም አለች። ከዚያ «ፖሊስ ከመጣስ?» ብላ ጠየቀች። ብዙዎቹ የፈሩት ይህንን ነበር፣ ያወጣችው እሷ ናት። የቨርጂኒያ ሕግ እርዳታ የጠራውን፣ እስኪመጡ ቦታው ላይ የቆየውንና ማንነቱን የተናገረውን ሰው ዕፅ ይዞ በመገኘት ከመታሰር ይጠብቀዋል። ነርሷ ይህንን በእንግሊዝኛ አብራራች፣ ልጆቹ ተረጎሙ፣ እኔ የተረጎሙትን አቃናሁ። ሴትየዋ ሁለት ሳጥን ይዛ ሄደች፣ አንዱ ለእህቷ።

አንድ ሐኪም ብቻውን መጥቶ ይሄንኑ ቢናገር ያቺ እናት ጥያቄዋን አታወጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። ልጆቹ ደግሞ ብቻቸውን ቢሆኑ አዳራሹን ማን ይከፍትላቸዋል? ቁልፉ ያለው ሰበካ ጉባኤው ጋ ነው። ናርካኑን ያመጣው የጤና ቢሮ ነው። የሱቁ ባለቤት የሚፈራው ፈቃድ ሰጪውን ነው። ልጆቹ ያላቸው መረጃ ነው፣ ማን ከየት እንደሚያመጣ፣ በየትኛው አፕ፣ በየትኛው ድግስ። ስም አንጠይቃቸውም፣ ያ ከመጀመሪያው የተስማማንበት ነው። አንድ አባት ስም ካልሰጡኝ ብሎ አስቸገረ። ልጆቹ ለሁለት ስብሰባ ቀሩ። አባትዬው ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመለሱ።

አሁን የምንጨቃጨቀው ስለ ጁን ምረቃ ነው። ልጆቹ በየድግሱ የማይጠጣ አንድ አዋቂ የቢራው በረዶ ጋ እንዲቆም ይፈልጋሉ። ከ21 በታች ላለ ሰው ቢራ እንዳይሰጥ። ወላጆች «እንግዳን መቆጣጠር ነውር ነው» አሉ። አንድ ሽማግሌ «እኔ እቆማለሁ፣ ለስኳሬም መጠጥ ተከልክያለሁ» ብለው ተመዘገቡ። ሌላ አራት ድግስ ሰው ይፈልጋል። ቅዳሜ ሺፍት የሌላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።