አቴኖሎል፣ የእማየ ኩላሊትና ማንም ያልጻፈው ሦስተኛ ቁጥር

ቤታችሁ ኩላሊቱ የደከመ የግፊት ታማሚ ካለ ይህን አንብቡ። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እማየ ያን ሁሉ ባልተሰቃየች ነበር።

እማየ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ ነው፤ እኔ ደብረ ማርቆስ። ግፊትና ስኳር ካለባት ቆይቷል። ለግፊቷ ኢናላፕሪልና በቀን 100 ሚሊግራም አቴኖሎል ትወስድ ነበር። የጤና መድኅን ማሳደሱ፣ ካርድ ማውጣቱ፣ ሪፈር ማጻፉ፣ ላቦራቶሪ መሰለፉ የታወቀ ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል። ክሬአቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ኩላሊት ሲደክም ቁጥሩ ይጨምራል) 3.2 ሲመጣ ሐኪሙ «ኩላሊቷ ተጎድቷል» አለን። ጨው ቀንሱ፣ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ እንዳትነካ አለ። ስለ መድኃኒቷ ግን «በነበረው ይቀጥል» ብሎ ጻፈ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ «በነበረው ይቀጥል» ነው።

አቴኖሎል ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ሲደክም የዛሬው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል። ሥራው የልብ ምትን ማቀዝቀዝ ነውና፣ ሲጠራቀም ልብን ከልክ በላይ ያዘገያታል። ይሄ ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል። የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ15 እስከ 35 ሚሊሊትር ከሆነ በቀን ከ50 ሚሊግራም፣ ከ15 በታች ከወረደ ደግሞ ከ25 እንዳያልፍ ይላል። እማየ 100 ትውጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ድካም ድካም ይላት ጀመር። ስትነሳ ያዞራታል። ክትትል ወደምታደርግበት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ባለሙያው ግፊቷን ለካና «110 በ70! በጣም ቆንጆ ነው እማማ፤ መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ» አላት።

«ያዞረኛል እያለች ነው» አልኩት።

«ዕድሜ ነዋ» አለኝ።

የላቦራቶሪ ወረቀቱን ሰጠሁት። ሳያነበው አጥፎ መለሰልኝ። «ይሄ የሆስፒታል ነው» አለ። የሆስፒታል ሆነ የጤና ጣቢያ፣ ኩላሊቱ እኮ የእሷው ነው! በክትትል ደብተሯ ላይ የግፊቱ ቦታ በየወሩ ተሞልቷል፣ የክብደቱም ተሞልቷል። የልብ ምቱ ቦታ ግን ባዶ ነው። ወደ ኋላ ብገልጥም ባዶ። የግፊት መለኪያው ዲጂታል ነው፤ ከሁለቱ የግፊት ቁጥሮች ሥር ሦስተኛ ቁጥር ያወጣል። እሱ የልብ ምት ነው። በየወሩ ፊታቸው ላይ እየበራ ማንም አልጻፈውም። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ቤት እንደገባን እጇን ያዝኩ። ከአውራ ጣቷ በታች፣ አንጓዋ ላይ ሁለት ጣቴን አድርጌ የስልኬን ሰዓት እያየሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። 38። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። አንዱ ምት መጥቶ ቀጣዩ እስኪመጣ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ደብረ ማርቆስ ድንገተኛ ክፍል ገባን። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሣች፤ ፖታሲየም የሚባለው የደም ማዕድን፣ ሲበዛ ልብን የሚያውከው፣ ከልክ አልፎ 6.4 ሆኖ ተገኘ። ተረኛዋ ሐኪም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አቴኖሎሉ ተጠራቅሟል፤ ኩላሊቷ ፖታሲየምም ማስወጣት አቅቶታል፤ ኢናላፕሪሉ ደግሞ ፖታሲየሙን ከፍ ያደርጋል። ልብ ስትዘገይ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል፣ ኩላሊቱ ሲብስበት የአቴኖሎሉም የፖታሲየሙም መጠራቀም ይብሳል። በደም ሥሯ ካልሲየም፣ ከዚያም ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሰጧት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈችልኝ። ኢናላፕሪሉን አቆሙላት፤ አቴኖሎሉን ጉበት በሚፈጨው በካርቬዲሎል ቀየሩላት።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ አለ። ግፊት ከመለካቱ በፊት የልብ ምት ይቆጠር፤ ለእኔ ከግፊቱ ይበልጣል። ጤና ጣቢያ ሁሌ «መድኃኒት አታቋርጡ» ይላል። እውነት ነው፣ እንደ አቴኖሎል ያለውን መድኃኒት በድንገት ማቆም ልብን ይጎዳል። ግን ምቱ ከ50 ወርዶ ሰውየውን የሚያዞረው ከሆነ፣ ቀጣዩን ከመዋጡ በፊት በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቀጠሮ አትጠብቁ። ካርድ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ አነሳለሁ። የጤና ጣቢያውና የሆስፒታሉ ወረቀት የሚገናኙት እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ስኳር ላለበት ደግሞ አንድ ነገር አለ። እንደ አቴኖሎልና ካርቬዲሎል ያሉ መድኃኒቶች ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጥና የልብ መምታት ይደብቃሉ። ላቡ ግን አይደበቅም። እማየን ያለ ምክንያት ካላባት ወዲያው ስኳሯን እለካለሁ። ድንቹንም ልጣጩን አንስተን፣ ከትፈን፣ በብዙ ውኃ ቀቅለን ውኃውን እንደፋዋለን፤ ድንቹ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይቀንሳል።

ፋርማሲ ውስጥ «ካርቬዲሎል የለም፣ አቴኖሎል ይሁንልሽ፣ ያው ነው» ብለውኛል። ያው አይደለም። ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። አሁን ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት ደብረ ማርቆስ እፈልጋለሁ፤ ከጠፋ ከባሕር ዳር አስመጣለሁ።