ማስቲሽ የበላው ፎም

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ማስታወቂያና ሞዴል በሚሠራ አንድ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ደሴ ያለ ትምህርት ቤት የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያን የባቡር መስመር በሞዴል አዘዘን። ባቡሩ የሚሄድ መሆን ነበረበት። ሐዲዱ ተሠርቶ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ልኬቱ 1 ለ 87። የእውነተኛው መስመር ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይመጣል። ሞዴሉን ስለካው ልክ እሱው ሆነ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ተራራውንም መደቡንም ከነጭ ፎም ቀረጽነው። በቢላ ይቆረጣል፣ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲጫንም አይከብድም። ሐዲዱን የማጣበቁ ሥራ የተሰጠው ፎርማይካ በመለጠፍ እጁን ላፍታታ ጎበዝ ልጅ ነው። እንደለመደው ማስቲሽ የሚባለውን ማጣበቂያ ቀባ። ብዙም ሳይቆይ አናጢያችንን ተጣራ፦ «ጋሼ፣ ኧረ ይምጡ! እየሰመጠ ነው!»

ሄደን ስናይ ፎሙ ውሃ እንደነካው ስኳር ሟሙቷል። ሐዲዱ ጎንበስ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟቂያ ደግሞ ይበላዋል። ልጁ ክው አለ። «አይዞህ ልጄ፣ የተበላውን ቆርጠን ሌላ እንሰካበታለን» አሉት ጋሼ። እንዳሉትም ሆነ።

ከዚያ ወደ ነጩ የእንጨት ኮላ ዞርን። እሱ ፎም አይበላም፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ኮላ የሚደርቀው ውሃው ሲወጣለት ነው። እንጨት ውሃውን ይመጥለታል፣ ፎም ግን እምብዛም አይመጥም። ስለዚህ በስሱ ቀባን፤ ወፍራም ኮላ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ስፒል ብቻውን ፎም ላይ አይጸናም፣ ይነቀላል። ኮላው እስኪደርቅ ግን ኩርባውን እንዳይንቀሳቀስ ይይዛል። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ የሴራሚክ ቁራጭ ጫንን፣ አሳደርነው። ሐዲዱ በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይጣመም መገጣጠሚያው ላይ ስስ ክፍተት ተውን። መስመር መቀየሪያው ሥር ጭራሽ ኮላ አልነካንም፤ ምላሱ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀሰው የሐዲድ ክፍል፣ ከተጣበቀ ባቡሩ መስመር አይቀይርም።

ቀለም ላይ ስንደርስ ልጁ ማንም ሳያዘው የስፕሬይ ቀለሙን በፎም ቁራጭ ላይ ነፋ። ቁራጩ ተቦረቦረ። ስፕሬዩን አስቀመጠና የውሃ ቀለም ሊገዛ ወጣ።