የአባባ ጓሳና የካሉብ ጋዝ

ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ማደያ በር ላይ አምስት ሰዓት ተሰለፍኩ። አይሱዙዬ በጣርማበር አድርጎ መሐል ሜዳ የሚገባ ሲሚንቶ ጭኗል፤ ረዳቴ ባና ተከናንቦ ጋቢና ውስጥ ተኝቷል። ከኋላዬ የቆመው ሹፌር ስልኩን እያየ፣ «የራሳችን ጋዝ ወጥቶ የለ? ይሄ ሰልፍ በቅርቡ ተረት ይሆናል» አለኝ። የሶማሌ ክልሉን ካሉብን ማለቱ ነው። የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ሲመረቅ እኔም በቴሌቪዥን አይቼ ደስ ብሎኛል። ጋዙ የተገኘው በ1960ዎቹ፣ እኔ ሳልወለድ ነው። (የእኔ ሞተር ናፍጣ እንጂ ጋዝ እንደማይጠጣ አልነገርኩትም። ደስታውን ለምን ላበላሽበት?)

እኔ ግን አያቴ ትዝ አሉኝ።

አባባ መንዝ ውስጥ የጓሳ ባለ ርስት ነበሩ። ጓሳ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ሣር ነው፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ደጋም በሣሩ ስም ይጠራል። ከአቅኚዎቹ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለ ርስቶች ተመካክረው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉታል። እስኪከፈት ማጭድ አይገባበትም። አንድ ክረምት ጣሪያቸው አፍስሶ ድስት እየተደቀነ እንዳደሩ አባባ ያወሩን ነበር። «ሣሩ ደጃችሁ አይደል? ለምን አላጨዳችሁም?» ስላቸው፣ «የማን ነውና?» አሉኝ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ የደረሰ ሁሉ አጨደ። ኋላ የአካባቢው ሰው እንደገና ሰብሰብ ብሎ ነው ያዳነው።

ኖርዌይ የዘይት ገቢዋን የምታስቀምጥበትን ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ አቋቋመች። ዛሬ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ አለው፤ መንግሥት በዓመት እንዲያወጣ የተወሰነለት 3 በመቶ ያህሉን ነው። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ቻድ ነች። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ ከዘይት ገቢዋ 10 በመቶው ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ ደነገገች፤ ዘይቱ መፍሰስ ከጀመረ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መንግሥቱ ያንን አንቀጽ ሰረዘው። ሕጉ የዓለም ባንክ ለቧንቧው ብድር ሲሰጥ ያስቀመጠው ግዴታ ነበር። ጠባቂው ከሩቅ የመጣ እንጂ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው አልነበረም።

ጓሳ ሲዘጋ ይበቅላል። ጋዝ ቢዘጉት አይበቅልም፤ ሊዘጋበት የሚገባው ብሩ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ሳይደርስ ከገቢው ስንቱ እንደማይነካ በሕግ ይጻፍ። ሒሳቡም እንደ እድር ሒሳብ በየጊዜው በሬዲዮ ይነበብ፤ ስብሰባው ላይ ደግሞ መጀመሪያ የካሉብ አርብቶ አደር ይቀመጥ፣ ባለ ርስቱ እሱ ነውና።

ይህንኑ ለሹፌሩ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ የዛሬው ሰው ይጥገብ! የኖርዌይ ሰው እንደኛ አምስት ሰዓት ይሰለፋል?»

ልመልስለት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ያን ክረምት ሌሊት እየተነሱ ድስት የሚደቅኑት አባባ አልነበሩም፤ እማማ ነበሩ። «የማን ነውና?» ብዬ እሳቸውን ጠይቄ አላውቅም።

ረዳቴ ነቅቶ «ጋሼ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ» አለኝ። ሁለት መኪና ያህል ገፋን።