አረንጓዴ የተቀባ ካርታ

ስለ ነባር ሰፈር መልሶ ማልማት የሚወራበት ዕቅድ እጄ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው አረንጓዴውን ቀለም ነው። ልማድ ሆኖብኛል። ቀለሙ ሁሌም ብዙ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን አንዱ የመንገድ አካፋይ ላይ ያለ ሣር ነው፤ ሌላው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሚተከል አበባ፣ ሌላው ደግሞ በአጥር የተከበበ የሆቴል ግቢ። አንዲት እናት ደክሟቸው አረፍ የሚሉበት፣ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበት፣ ዘበኛ «ወዴት ነው?» የማይልበት መሬት ከዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ የቱ እንደሆነ ካርታው አይናገርም።

መናፈሻ ቀድሞ የሚበላው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ቤት ሲፈርስ ካሳ አለ፣ ክርክር አለ፣ የሚነሣ ሰው አለ። ዛፍ ካሳ አይጠይቅም።

ይህን ሳስብ የኢስታንቡሉ ጌዚ ፓርክ ይመጣብኛል። እዚያ በመናፈሻው ላይ የመጣው «ታሪክ» ራሱ ነበር። ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ1940 የፈረሰውን የኦቶማን ዘመን የጦር ሰፈር በቦታው መልሶ መገንባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በሜይ ወር መጨረሻ ላይ ዛፎቹ መነቀል ሲጀምሩ ጥቂት ሰዎች ፓርኩ ውስጥ ቁጭ አሉ፤ ተቃውሞው አገር አዳረሰ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋበት። ፓርኩ ዛሬም አለ። ሰባ ዓመት ሙሉ የሌለ ሕንፃን አምሳያ ለማቆም በሕይወት ያለ ዛፍ መቁረጥን ቅርስ ጥበቃ ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

«ዛፎቹን አንነካም» የሚለው ቃልም ቢሆን አያሳምነኝም፤ ከሥራቸው የመኪና ማቆሚያ ሊቆፈር ከሆነ ማለቴ ነው። የዛፍ ሥር አብዛኛው ከላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎም ይዘረጋል። ቁፋሮው ግንዱን ሳይነካ ዛፉን ሊገድለው ይችላል። መድረቁ የሚታየው ደግሞ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ሪባኑ ከተቆረጠ ወዲያ።

ተቃራኒው አደጋም አለ። መናፈሻው እጅግ ሲያምር ጎረቤቱ ይወደዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የኒው ዮርኩ ሃይ ላይን፣ ያ አሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው መናፈሻ፣ በዙሪያው ውድ አፓርታማዎች እንዲበቅሉ ምክንያት ሆኗል። ዛፉ ድኖ ሰዉ ከሄደ ጥላው ለማን ነው?

ስለዚህ ነው ካይሮን የምወዳት። የአል አዝሃር ፓርክ ለ500 ዓመታት ያህል ቆሻሻና ፍርስራሽ ሲደፋበት የኖረ ኮረብታ ነበር። 30 ሄክታር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ፤ ወጪውን የሸፈነው በዋናነት የአጋ ካን የባህል ድርጅት ነው። አፈሩ ሲነሣ ተቀብሮ የነበረ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን ግብፅን በገዛው በሳላሃዲን ዘመን የተሠራ የከተማ ግንብ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቅ አለ። አረንጓዴው ታሪክን ቆፍሮ አወጣ ማለት ነው፣ የጌዚ ተገላቢጦሽ። ከግንቡ ሥር ያለው ዳርብ አል አሕማር የድሆች ሰፈር ነው። ሥራው በመናፈሻው አላበቃም፤ የነዋሪዎቹ ቤቶች ታደሱ፣ አነስተኛ ብድር ተሰጠ፣ የሰፈሩ ወጣቶች አናጺነትና የድንጋይ ጥርብ ሥራ እየተማሩ በእድሳቱ ተቀጠሩ። ግንቡን የጠገነ እጅ ከዚያው ከግንቡ ሥር መምጣቱ ደስ ይለኛል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። መግቢያው በትኬት ነው። መናፈሻው ራሱን እንዲችል ታስቦ የተደረገ መሆኑን አውቃለሁ፣ የሣርና የውኃ ወጪ ቀልድ አይደለም። ቢሆንም ከምግብ ቤቱና ከጎብኚው ገቢ ይሸፈን፣ የግንቡ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው በነጻ ይግቡ ባይ ነኝ፤ ሂሳቡ ቢጎድል እንኳ።