በሚካኤል ዋዜማ የታየችኝ ጥቁር ፍሬ

እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድሜ ዛሬ በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄዳል። ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ አቋርጬ አልቅሻለሁና ነገሩ ከቦታው ቢዛነፍ ይቅር በሉኝ።

መተማ ሰሊጥ ሲያርም የግራር እሾህ ኮንጎ ጫማውን በስቶ ወጋው። ነቅሎ ጣለው፤ ረሳው። ከወራት በኋላ አተር የምታህል እብጠት ወጣች። አላመመችውም፤ ይህ በሽታ ሰውን የሚያታልለው ባለማመሙ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ እግሩ አበጠ፣ ቆዳው እዚህም እዚያም ተበሳ፣ ከቀዳዳዎቹ ፈሳሽ ይወጣ ጀመር። ጠበል ተጠመቀ። ሐኪም ቤት ሲሄድ የአጥንት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፣ ተለወጠለት፣ ተጨመረለት።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የቁስሉን ስዋብ (ከላዩ በጥጥ የተጠረገውን ናሙና) ያሳደግሁት እኔው ነኝ። ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በቀለ፤ ፈርሜ ሰጠሁ። ውጤቱ ሐሰት አልነበረም፤ ግን ባክቴሪያው በቀዳዳው አፍ በኋላ የገባ እንግዳ ነበር። ዋናው ከሥር ነው ያለው፤ ስዋብ እዚያ አይደርስም።

የመተማ ሰዎች ካርቱም ውስጥ እንዲህ ያለ እግር የሚያክም ማዕከል እንዳለ ነገሩን። ስንቅና የመንገድ ገንዘብ ስናዘጋጅ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ያን ቀን ፈጣሪን ተጣላሁት፤ አልደብቅም። «አንዷን በር ስናገኝ ዘጋሃት» አልኩት። ጸሎት ተውኩ።

ሰኔ 11 ማታ። እግሩ በማግስቱ ከጉልበት በታች ሊቆረጥ ፈርሟል። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ ተቀምጫለሁ። «እትዬ፣ የቀኝ ጫማዬን ጣይው፤ ለምን ትይዥዋለሽ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው ከአፌ ወጣ፤ እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ክስ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፋሻው ረጠበ። የማታ ተረኛዋ ሲስተር (እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝምልኝ) ብቻዋን ለ30 ታማሚ ትሮጥ ስለነበር ጎዙን እኔ ልቀይር አልኩ። ነጩ ጎዝ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ሦስት ጥቁር ነገሮች አየሁ። የደረቀ ደም መሰለኝ። በጨው ውኃ ባጥባቸው አልሟሙም፤ በጓንቴ ብጫናቸው እንደ አሸዋ ጠጠሩ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትምህርት ቤት ስለ ማይሴቶማ (በቁስል ገብቶ ከሥር እያበጠ፣ በቀዳዳዎቹ ፍሬ መሰል ጠጠር ስለሚያወጣው በሽታ) የተማርኩት ነገር ከዓመታት በኋላ እንደ መብረቅ መጣብኝ።

ተረኛው ባልደረባዬ ላቦራቶሪውን ከፈተልኝ። አንዷን ፍሬ በሁለት ስላይድ መሐል ጨፈለቅኋት፣ 20 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጌ ጠበቅሁ። እስክትለሰልስ ድረስ ያለው ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ ረዘመብኝ። በ10፣ ከዚያም በ40 እጥፍ ሌንስ አየሁ፤ ቡናማ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው፣ በየመሐሉ የተከፋፈሉ ወፍራም ክሮች። የባክቴሪያ ክር ውፍረቱ ከ1 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ እነዚህ ሦስትና አራት ነበሩ። ፈንገስ! ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ ካቆምኩት ወራት ያለፈው «አቡነ ዘበሰማያት» በራሱ መጣ።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ይህን ያዙልኝ። ጥቁር ፍሬ ፈንገስ ነው፣ ቀይ ባክቴሪያ ነው፤ ነጭና ቢጫው በማይክሮስኮፕ ሳይታይ አይታመንም። ባክቴሪያ ለሆነው አንቲባዮቲክ ይሠራል፤ ፈንገሱን አይነካውም። በሱዳንና በእኛ ቆላ ጥቁሩን ፍሬ በብዛት የሚያመጣው ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ የሚባለው ፈንገስ ነው። ጥቁረቱ ሜላኒን የሚባል ቀለም ነው፤ ከሰውነት መከላከያም ከመድኃኒትም የሚሸሸግበት ጋሻው።

ሲነጋ ሰኔ 12፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነበር። ስላይዱን ለቀዶ ሐኪሙ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ራጁን እንደገና አነሣ፤ ተረከዙና ቁርጭምጭሚቱ ደህና ነበሩ። «ዛሬ አንቆርጥም» አለ። በመቁረጥ ፈንታ ከጥልቀት ናሙና ወስዶ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) ላከ፤ የዚያም ውጤት ያንኑ አለ።

የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ኢትራኮናዞል 200 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ስድስት ወር። ሜሪላንድ ያለችው አክስታችን ከደመወዟ ባትልክልን ኖሮ ከአንድ ወር አያልፍም ነበር። ጉበቱን በየጊዜው በደም ምርመራ አየን። ሁለት ወር ሙሉ እብጠቱ አልቀነሰም፤ ልቤ እንደገና ሊቀዘቅዝ ነበር። ኋላ ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ይወስድ እንደነበር ደረስንበት። የኢትራኮናዞል እንክብል የሚሟሟው በሆድ አሲድ ነውና አሲዱን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል። ሐኪሙ አስቆመው። እብጠቱ ተሰብስቦ ጠነከረ፣ ዙሪያውን እንደ ከረጢት ተሸፈነ። ጥር 2016 ዓ.ም. ከረጢቱን ሳይቀድዱ ከነዙሪያው አወጡት። ከተቀደደ ፍሬው ይበተንና በሽታው ይመለሳል። ሁለት ትንንሽ ጣቶቹን አጣ። መድኃኒቱን ግን አንድ ዓመት ቀጠለ፤ ቁስሉ ሲደርቅ ማቆም ነው ብዙዎችን የሚመልሳቸው። የመጨረሻው አልትራሳውንድ ንጹሕ ነው።

እናታችን ያን ሌሊት ቤት ሆና ለሚካኤል ጃንጥላ ተስላ ኖሯል፤ ለእኛ አልነገረችንም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 12 ጃንጥላውን ወንድሜ ተሸክሞ ገባ፤ ትንሽ ያነክሳል። በደጀ ሰላሙ ሁለቱንም ጫማዎቹን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ።